ዊልሄልም ማይባክ፤ የማር እንጀራውን ራዲያተር የፈለሰመው ሰው

በመንገድ ዳር ቆሞ አውቶሞቢል ሲያልፍ የሚመለከት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በፊቷ ላይ ነው። ከፊት ነፋስ የሚቀበለው ራዲያተር፤ ከእርሱ በኋላ ሞተሩን የሚከድነው ኮፈን፤ ከኮፈኑም በኋላ መሪውን የያዘው ነጂ ይከተላሉ። ይህ ተራ በብዙዎቹ የቤንዚን መኪናዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ፣ የፈረስ ራሱ ከፊት ጅራቱም ከኋላ እንዲሆን ተፈጥሮ እንደ ወሰነው ሁሉ፣ ይህም ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሞተርን ከፊት የማስቀመጡን ልማድ በ1891 ዓ.ም. የጀመሩት ፈረንሳዮቹ ፓናርና ሌቫሶር ናቸው፤ ራዲያተሩን፣ ኮፈኑንና ሞተሩን አንድ አካል አድርጎ ለመኪና የራሷን መልክ የሰጣት ግን ጀርመናዊው ዊልሄልም ማይባክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ማይባክ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1846 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። ልጁ ገና አሥር ዓመት ሲሞላው እናቱም አባቱም ሞተውበት ከወንድሞቹ ጋር ያለ አሳዳጊ ቀረ። በዚያ ዘመን የሙት ልጅ ዕድል የታወቀ ነበር፤ ወይ ከገበሬ ቤት ገብቶ ከብት መጠበቅ፣ ወይ በከተማ መንገድ ላይ መንከራተት ነው። ማይባክን ከዚህ ያዳነው ጉስታቭ ቬርነር የሚባል የሃይማኖት አስተማሪ ነው። ይህ ሰው በሮይትሊንገን ከተማ ለድሆችና ለሙት ልጆች መጠጊያ የሚሆን ድርጅት አቁሞ ነበር። ድርጅቱ ልጆቹን አብልቶና አልብሶ ብቻ የሚተው አልነበረም፤ የራሱ የብረታ ብረትና የመኪና መሥሪያ ስለ ነበረው ልጆቹ እንደ ዝንባሌያቸው ሙያ ይማሩበት ነበር።

ቬርነር ልጁ ለንድፍ ሥራ እጅና ዓይን እንዳለው ተመልክቶ ወደ መኪና መሥሪያው ክፍል አዛወረው። ማይባክ ቀን በሥራ ላይ እየዋለ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ደግሞ በከተማው ትምህርት ቤት ይከታተል ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የሚያስገባውም ገንዘብ አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ግን የተሟላ ነዳፊ ሆኖ ወጣ። በዚሁ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሹም የሆነው ጎትሊብ ዳይምለር ተመለከተው። ዳይምለር በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ይበልጠዋል፤ የተማረ፣ ቁጡ፣ ትልቅ ነገር የሚያልም ሰው ነበር። ማይባክ በአንጻሩ ዝምተኛና ታጋሽ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከ1865 ዓ.ም. ጀምሮ ዳይምለር እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ሠሩ። የሐሳቡ ባለቤት ማን ነው፣ የብረቱስ ባለቤት ማን ነው ብሎ ሁለቱን መለየት ዛሬ አስቸጋሪ ነው። እኛ ግን፣ ነገሩን በመጠኑ ለተከታተለ ሰው፣ በወረቀት ላይ ያለው መሥመር አብዛኛው የማይባክ እጅ መሆኑን እንናገራለን።

ዳይምለር በ1869 ዓ.ም. ወደ ካርልስሩኸ ሲሄድ ማይባክ ተከተለው። በ1872 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱም በኮሎኝ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ዶይትስ የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ገቡ። በዚያም ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ዓ.ም. ባለ አራት ምቱን ሞተር ሲያወጣ፣ ሞተሩን ለገበያ እንዲበቃ አድርጎ ያስተካከለው የንድፍ ክፍሉ አለቃ ማይባክ ነበር። ሞተሩ ግን ከባድና ዘገምተኛ ስለ ሆነ በአንድ ቦታ ተተክሎ የፋብሪካ መዘውር ከማዞር በቀር ለሌላ አይሆንም ነበር። ዳይምለርና ማይባክ የሚፈልጉት ቀላል፣ ፈጣን፣ በሠረገላም በጀልባም ላይ ሊጫን የሚችል ሞተር ነው። ከፋብሪካው ጌቶች ጋር ስላልተስማሙ በ1882 ዓ.ም. ሥራቸውን ትተው በሽቱትጋርት አጠገብ ወዳለችው ወደ ካንሽታት ሄዱ።

በካንሽታት ዳይምለር ከቤቱ አትክልት ቦታ ውስጥ ያለችውን የመስተዋት ቤት አስፍቶ መሥሪያ አደረጋት። ሁለቱ ሰዎች ቀንም ሌሊትም በሩን ዘግተው ሲቀጠቅጡ የቤቱ አትክልተኛ ተጠራጠረ። ሐሰተኛ ገንዘብ ያትማሉ ብሎ ለፖሊስ አመለከተ ይባላል። ፖሊሶችም ባለቤቶቹ በሌሉበት ገብተው ቢፈትሹ ያገኙት የሞተር ዕቃ ብቻ ሆነ። ከዚያች መስተዋት ቤት በ1885 ዓ.ም. የወጣው ቁመቱ መሬት ላይ የሚቆም ረጅም ሰዓት የሚመስል ሞተር በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞር ነበር፤ የዘመኑ ሌሎች ሞተሮች ግን ከ200 አያልፉም ነበር። ሞተሩን በዚያው ዓመት በእንጨት ብስክሌት ላይ፣ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ በሠረገላ ላይ አኖሩት።

ሞተር ሲፈጥን ይግላል። የማይባክ የሕይወቱ ትልቅ ጭንቀት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ከሚቃጠለው ቤንዚን ኃይል ውስጥ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው። ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሲወጣ፣ ከፊሉ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያግላል። ይህ ሙቀት ካልተወሰደ ዘይቱ ይቃጠላል፤ ፒስተኑም ሰፍቶ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ስለዚህ በሲሊንደሩ ዙሪያ ውሃ ማዞር ያስፈልጋል። የዘመኑ መኪና ሠሪዎች ችግሩን የሚያልፉት ውሃውን እያፈሉ በእንፋሎት እንዲጠፋ በማድረግ ነበር፤ የካርል ቤንዝ የ1886 ዓ.ም. መኪና እንዲህ ያለች ነበረች። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ከቤንዚኑ ይልቅ ስለ ውሃው ያስባል፤ በየመንደሩ እየቆመ ባልዲ ይለምናል።

ማይባክ በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ ኤግዚቢሽን በቀረበችው ባለ ሽቦ ጎማ መኪና ላይ አንድ ብልሃት ሞከረ። የመኪናይቱ ሻንሲ የተሠራው ከብረት ቧንቧ ስለ ነበር፣ የሞተሩ ውሃ በዚያው በሻንሲው ቧንቧ ውስጥ እየተዘዋወረ እንዲበርድ አደረገ። አጥንቱ የደም ሥር ሆነ ማለት ነው። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለትንሽ ሞተር እንጂ ለትልቅ አይበቃም።

በ1890 ዓ.ም. የዳይምለር ሞተር ኩባንያ ሲቋቋም ገንዘብ ያወጡት ሰዎች በሁለቱ መሥራቾች ላይ የበላይ ሆኑ። ለማይባክ የቀረበለት የሥራ ውል የማይስማማው ስለ ነበር በ1891 ዓ.ም. ኩባንያውን ለቀቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ለወጣት የንድፍ ሠራተኛ ቢነገር የሚያስደንቅ ነው። ዳይምለር በገንዘቡ እየረዳው፣ ማይባክ በካንሽታት በተዘጋ በአንድ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ሥራውን ቀጠለ። በዚያ አዳራሽ በ1893 ዓ.ም. ቤንዚንን በቀጭን አፍ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አወጣ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዓለም ላይ የተነዱት የቤንዚን መኪናዎች ካርቡራተር ሁሉ የዚህ ዘር ነው። ፊኒክስ የሚባለው ሞተርም ከዚያው ወጣ። ኩባንያው በበኩሉ ያለ እነርሱ ወደ ኪሳራ ሲያዘነብል፣ ፍሬድሪክ ሲምስ የተባለ የእንግሊዝ ነጋዴ የፊኒክስን መብት በ350,000 ማርክ ለመግዛት ጠየቀ፤ ከውሉም አንዱ ነጥብ ዳይምለር ወደ ኩባንያው እንዲመለስ የሚል ነበር። በ1895 ዓ.ም. ዳይምለር ተመለሰ፤ ማይባክም የቴክኒክ ዲሬክተር ሆኖ አብሮት ገባ።

አሁን ወደ ራዲያተሩ እንመለስ። በ1897 ዓ.ም. ማይባክ በውሃ ጋን ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ክብ ቱቦዎች አሳልፎ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ነፋስ፣ በዙሪያቸው ደግሞ ውሃ እንዲያልፍ የሚያደርግ ራዲያተር ሠራ። ይህ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነበር። ቢሆንም ክብ ነገር ከክብ ነገር ጋር ሲደረደር በመካከሉ ሰፊና ያልተስተካከለ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ በዚያ ቦታ የሚከማቸው ውሃ ክብደት ከመጨመር በቀር ቶሎ አይበርድም። ራዲያተሩ ጠቅላላ 18 ሊትር ውሃ ይፈልግ ነበር።

በዚህ መካከል ኤሚል የሊኔክ የሚባል የኦስትሪያ ዜጋ በታሪኩ ውስጥ ይገባል። ይህ ሰው በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ ይኖር ነበር፤ የዳይምለርን መኪናዎች እየገዛ ለባለጸጎች ይሸጣል፤ በውድድርም ላይ በልጁ በመርሴዴስ ስም ያሰልፋቸዋል። ጠባዩ የማያስቀምጥ ነበር፤ ለፋብሪካው በየጊዜው ደብዳቤና ቴሌግራም እየላከ የበለጠ ኃይል፣ የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ፋብሪካውም ትልቁን የፊኒክስ ሞተር በአጭርና ከፍ ባለ ሻንሲ ላይ ጭኖ ሰጠው። ማርች 30 ቀን 1900 ዓ.ም. ከኒስ ወደ ላ ቱርቢ በሚወጣው ዳገት በተደረገው ውድድር የፋብሪካው ነጂ ዊልሄልም ባወር በዚህች መኪና ከመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች በአንዱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ዳይምለር ራሱ ከጥቂት ሳምንት በፊት፣ ማርች 6 ቀን፣ አርፎ ነበር። ማይባክ በአንድ ወር ውስጥ የሠላሳ አምስት ዓመት ጓደኛውን ቀበረ፤ የነደፋትም መኪና ሰው ገደለች።

ከኩባንያው ሰዎች ከእንግዲህ ውድድር ይቅር ያሉ ነበሩ። የሊኔክ ግን ጥፋቱ የፍጥነቱ ሳይሆን የመኪናይቱ ቅርጽ ነው ብሎ ተከራከረ። በዚህ ነገር እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር። ሞተሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠባትና ጎማዎቿ የተጠጋጉ መኪና በመታጠፊያ ላይ እንደ ግመል ትወዛወዛለች። የሊኔክ ኤፕሪል 2 ቀን 36 መኪናዎች በ550,000 የወርቅ ማርክ አዘዘ፤ መኪናይቱ ረጅም፣ ሰፊ፣ ዝቅተኛና ቀላል እንድትሆን፣ ስሟም መርሴዴስ እንዲባል ተስማሙ። ማይባክ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

መኪናን ዝቅ ማድረግ ለሚናገረው ሰው ቀላል ነው። ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ኮፈኑ ዝቅ እንዳይል የሚከለክለው ግን ራዲያተሩ ነው። ውሃው ያለ ፓምፕ፣ ሙቁ እየወጣ ቀዝቃዛው እየወረደ በራሱ የሚዘዋወር ከሆነ፣ የራዲያተሩ የላይ ጋን ከሞተሩ ራስ በላይ መሆን አለበት፤ ኮፈኑም ያን ያህል መነሣት ግድ ይሆንበታል። ሬኖ ይህን ችግር ለማለፍ ብዙ ዓመት ራዲያተሩን ከሞተሩ በስተኋላ አድርጎ፣ ኮፈኑን ወደ ፊት አዘቅዝቆ ሠርቷል። ማይባክ በሌላ መንገድ ሄደ። ውሃውን በፓምፕ እንዲገፋ አደረገ፤ ራዲያተሩንም ከሥሩ አንሥቶ ለወጠው።

ክቡን ቱቦ ትቶ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ወሰደ። ስፋታቸው 6 በ6 ሚሊሜትር የሆኑ 8,070 አጫጭር ቱቦዎች ጐን ለጐን ተደርድረውና በብየዳ ተያይዘው አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ሆኑ። ከፊት ሲያዩት ንብ የሠራችው የማር እንጀራ ይመስላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። ባለ አራት ማዕዘን ነገር ሲደረደር በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት ቀጭንና ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ስለዚህ ውሃው እንደ ስስ ቅጠል ተዘርግቶ ያልፋል፤ አንድም ጠብታ ከብረቱ ርቆ አይቀመጥም። ተማሪዎች ቢያሰሉት፣ 8,070 ቀዳዳ በ36 ሚሊሜትር ካሬ ሲባዛ የነፋሱ መግቢያ ከአንድ ካሬ ሜትር ሲሶውን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ትንሽ መስኮት በማይበልጥ ሳጥን ውስጥ ነው። የውሃው ልክ ከ18 ወደ 9 ሊትር ወረደ። መኪናይቱ ቀስ ስትልም ነፋስ እንዳያንስ ከራዲያተሩ በስተኋላ አንድ ትንሽ ማራገቢያ አኖረ። ፓተንቱን ያገኘው በ1900 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ላይ ሞተሩ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የታችኛው ቤቱ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በተጨፈለቀ የብረት ሻንሲ ላይ ዝቅ ብሎ የታሰረ ነበር። ራዲያተሩ ቀጥ ብሎ ከፊት ቆመ፤ የኮፈኑም ጠርዝ በራዲያተሩ ጠርዝ ላይ ልክ ሆኖ ገጠመ። ኮፈኑ ከራዲያተሩ አይበልጥም፤ ራዲያተሩም ከኮፈኑ አይወጣም። መኪና ሠረገላ መምሰሏን የተወችው በዚያ ቀን ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ይህ ልክ እንዴት ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑን የሚያውቁት በተለይ የድሮ ስፖርት መኪና የሚያድሱ ሰዎች ናቸው። የቀድሞው ራዲያተር አፍስሶ ወፍራም አዲስ ይገባል፤ ወይም ትልቅ ሞተር ይጫናል፤ ከዚያ ኮፈኑ ሲዘጋ የራዲያተሩ ክዳን ቀለሙን ይፍቃል፤ ማራገቢያውም ቱቦዎቹን ሊነካ ይደርሳል። ቸኳይ መካኒክ ኮፈኑን ቀድዶ ይገላገላል። አዋቂው ግን ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይ ለስላሳ ጭቃ እያኖረ ኮፈኑን በቀስታ ዘግቶ ይከፍታል፤ የተጨፈለቀውን ጭቃ ውፍረት ለክቶ የቀረውን ክፍተት ያውቃል። ሞተር በጎማ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይነቀነቃልና፣ ቆሞ ሳለ ያልነካው ሲሄድ ሊነካ እንደሚችልም ያስባል። ከዚያ በኋላ የራዲያተሩን ማሰሪያ ዝቅ ያደርጋል፣ ወይም ራዲያተሩን በጥቂቱ ያጋድማል፣ ወይም ከኋላ ያለውን ማራገቢያ አውጥቶ ስስ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከፊት ያስራል። ራዲያተሩ ከሞተሩ ራስ በታች ከወረደ ደግሞ አየር በሞተሩ ውስጥ ታግዶ እንዳያፈላው፣ ውሃ የሚሞላበትን ትንሽ ጋን ለብቻው ከሁሉ በላይ ባለ ቦታ ይሰቅላል። ይህ ሁሉ ማይባክ በአንድ የበጋ ወራት በወረቀት ላይ የታገለው ትግል ነው፤ ልዩነቱ እርሱ የሚያስተካክለው የሰው ሥራ አለመኖሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ መርሴዴስ ዲሴምበር 22 ቀን 1900 ዓ.ም. ከፋብሪካው ወጥታ ወደ ኒስ ተላከች። በፌብሩዋሪ 1901 ዓ.ም. በፖ ከተማ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር አልቀናትም። በሚቀጥለው ወር ግን በኒስ ሳምንት ማንም የሚደርስባት ጠፋ። ዊልሄልም ቬርነር የተባለው ነጂ 392 ኪሎሜትር የሆነውን የረጅሙን መንገድ ውድድር በሰዓት በአማካይ 58 ኪሎሜትር ያህል እየሄደ አሸነፈ። ባወር በሞተበት በላ ቱርቢ ዳገትም ቀድሞ በሰዓት 31.3 ኪሎሜትር የነበረው አማካይ ፍጥነት ወደ 51.4 ከፍ አለ። ሌሎች ፋብሪካዎች ብዙም ሳይቆዩ ዝቅተኛውን ሻንሲና የማር እንጀራውን ራዲያተር መቅዳት ጀመሩ። ፈረንሳዮች ማይባክን የነዳፊዎች ንጉሥ የሚል ስም ሰጡት፤ ከጀርመን የመጣን ሰው በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መጥራት ለፈረንሳይ ሰው ቀላል አልነበረም።

በቤቱ ግን ንግሥናው አልጸናም። ዳይምለር ከሞተ በኋላ በኩባንያው ውስጥ የሚሟገትለት ሰው አልነበረውም። ሥልጣኑ እየተቀነሰ ሄዶ፣ ዋናውን የንድፍ ክፍል ሌሎች ይዘውት፣ እርሱ በአንድ የፈጠራ ቢሮ እንዲቀመጥ ተደረገ። በ1906 ዓ.ም. እንኳ ስድስት ሲሊንደር ያለው 120 የፈረስ ጉልበት የውድድር ሞተር ነድፎ ነበር፤ ቢሆንም በ1907 ዓ.ም. ኩባንያውን ለቆ ወጣ። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነበር። ትልቅ ንብረት ሳይዝ፣ ስሙም በአንድ መኪና ላይ ሳይጻፍ ነው የወጣው፤ በመኪናዎቹ ላይ የተጻፈው የአንድ ነጋዴ ሴት ልጅ ስም ነውና።

በኦገስት 1908 ዓ.ም. የኮንት ዜፔሊን አየር መርከብ በኤክተርዲንገን መንደር በማዕበል ተመትቶ ተቃጠለ። የጀርመን ሕዝብ ለአዲስ መርከብ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ማይባክ ለዜፔሊን የተሻለ ሞተር ሊሠሩለት እንደሚችሉ አስታወቀ፤ የሥራውንም መሪነት ለልጁ ለካርል ተወ። በ1909 ዓ.ም. በቢሲንገን የተቋቋመው የሞተር ፋብሪካ በኋላ ወደ ፍሪድሪክስሃፈን ተዛወረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የአየር ሞተር እንዳትሠራ ስለ ተከለከለች ካርል ወደ አውቶሞቢል ዞረ፤ በ1921 ዓ.ም. በበርሊን ኤግዚቢሽን የመጀመሪያዋ የማይባክ መኪና ታየች። የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ያደገው ሰው በሰባ አምስት ዓመቱ የራሱን ስም በራዲያተር ላይ አነበበ። ቀደም ሲልም በ1916 ዓ.ም. የሽቱትጋርት ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትርና ሰጥቶት ነበር።

በኦገስት 1929 ዓ.ም. ግራፍ ዜፔሊን የተባለው አየር መርከብ በአምስት የማይባክ ሞተሮች እየተገፋ ዓለምን ዞረ። ሽማግሌው ይህን አይቶ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 29 ቀን በሰማንያ ሦስት ዓመቱ በካንሽታት ዐረፈ። መቃብሩም በዚያው ከተማ፣ ከጎትሊብ ዳይምለር መቃብር ብዙ ሳይርቅ ይገኛል።